በይሉኝታ የወደቀ ሰው

ጥቁር ቀበቶ ያሰረ ሰው አይሸነፍም። እጁ እንደ ጦር መሣሪያ ፖሊስ ጣቢያ ይመዘገባል። በልምምድ መሐል ውሃ የሚጠጣ ደካማ ነው። ግድግዳ ያልደበደበ ቡጢ አይጠነክርም። ቴኳንዶ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ጥበብ ነው። ቢላዋ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ እጁን ይዞ መጠምዘዝ ይበቃል። በሐዋሳ በልጅነታቸው ማርሻል አርት የሠለጠኑ ሰዎች ሲገናኙ እንዲህ ያሉትን የያኔ እምነቶች አንስተው ይጫወታሉ። እምነቶቹ ከቪዲዮ ቤት ፊልሞች ብቻ የተቀዱ አልነበሩም። በማለዳ በሐይቁ ዳር ሲሮጡ፣ ታቦር ተራራን ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከታላላቆች ወደ ታናናሾች ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው።

አብዛኞቹ ስሕተት መሆናቸውን ዛሬ ማወቅ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ጉልበቱን፣ ትንፋሹንና ትዕግሥቱን በየቀኑ የሚፈትን ወጣት እምነቱን ሳይፈትን ዓመታት የሚቆየው እንዴት ነው?

ከእምነቶቹ ገሚሱ መጽሐፍ በመግለጥ የሚታረሙ ናቸው። ቴኳንዶ የሚለው ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ስሙን በማውጣት የሚታወቁት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂን ጨምሮ ከጥበቡ መሥራቾች ብዙዎቹ ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን ካራቴ የተማሩ ነበሩ። ጥቁር ቀበቶም ከጥንት የወረደ ምሥጢር አይደለም። የጁዶው መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የተማሪዎቻቸውን ደረጃ ለመለየት ያመጡት የትምህርት ቤት ሥርዓት ነው፤ ቀለም በቀለም የሆኑት ቀበቶዎች በአውሮፓ የተስፋፉትም ከዚያ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቀበቶ የመምህር ምስክርነት እንጂ ጥይት የሚመልስ ክታብ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ራሱን የተከላከለን ሰው የሚመዝነው መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር በመመጣጠኑ እንጂ በወገቡ ባሰረው ቀበቶ አይደለም። ውሃ የከለከሉት ሰውነት ይዝላል እንጂ አይጠነክርም። አጥንትም ጫናን የሚለምደው በዝግታ ነው፤ ግድግዳ የሚደበድብ ልጅ ከአጥንቱ በፊት መገጣጠሚያዎቹን ይጎዳል።

የቢላዋው እምነት ግን ከእነዚህ ይለያል። መጽሐፍ አያርመውም፣ ምክንያቱም ሠልጣኙ በየቀኑ በዓይኑ የሚያየው “ማስረጃ” አለው። ጓደኛው የእንጨት ቢላዋ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል፤ እጁን ዘርግቶ እዚያው ያቆማል፤ ሠልጣኙ ይይዘዋል፣ ይጠመዝዘዋል፤ ጓደኛውም ይወድቃል። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ ይወድቃል። አንድ ሺህ ጊዜ የሠራን ነገር ማን ይጠረጥራል? ይሁንና ከዚያ ሁሉ መውደቅ ውስጥ ስንቱ በቴክኒኩ ብርታት፣ ስንቱ በጓደኛው ፈቃድ እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። እውነተኛ አጥቂ እጁን ዘርግቶ አይጠብቅም፤ ወግቶ ይመልሳል፣ እንደገና ይወጋል፣ በሌላው እጁ ይገፋል።

ጓደኛው ለምን ይወድቃል? ለማታለል አይደለም። አንዳንዴ ልምምዱ እንዳይበላሽ ብሎ ነው። አንዳንዴ እንዳይጎዳ ነው። ማስተሩ ራሳቸው ወጥተው በእሱ ላይ ሲያሳዩ ደግሞ፣ በተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ፊት ቆሞ ቢቀር ምን ሊባል እንደሚችል ያስባል፤ ስለዚህ ይወድቃል። ይህ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በኛ አገር ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ታናሽን ከታላቅ አስማምቶ የሚያኖር ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ልናከብረው ይገባል። እውቀት በሚፈተንበት ቦታ ሲገባ ግን ምስክሩን ዝም ያሰኛል፤ ከሳሽ የሌለበት ፍርድ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንኛውም እምነት ነጻ ይወጣል።

ይህ የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ከጃፓን የመጣ አንድ ታሪክ ያሳየናል። ሪዩኬን ያናጊ የተባሉ አዛውንት መምህር እጃቸውን ሲያወዛውዙ ተማሪዎቻቸው ሳይነኩ በየተራ መሬት ላይ ይዘረሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መምህሩ ከአንድ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ጋር በአደባባይ ገጠሙ፤ ተፋላሚው አልወደቀም፤ ሽማግሌው በአጭር ጊዜ ተደብድበው ተሸነፉ። ብዙዎች ታሪኩን የሚያወሩት የአጭበርባሪ መጋለጥ አድርገው ነው። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው የተታለለ መምህር ነው። አጭበርባሪ ቢሆኑ ኖሮ ወደዚያ ሜዳ አይገቡም ነበር። የገቡት ስላመኑ ነው፤ ያሳመኗቸውም ለዓመታት በአክብሮት የወደቁላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። የሚወዷቸው ሰዎች ሁሉ ተባብረው እውነትን ነፈጓቸው፤ እውነቱን የነገራቸው የማያውቃቸው ባላንጣ ነው።

ደራሲው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልተቋጨው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሰዎች ከቀደሟቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ እንደሚቀበሉ ይወቅሳል። ወቀሳው ትክክል ነው፤ ለኛ ጉዳይ ግን አይበቃም። በሐዋሳ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሮጥ ወጣት ሰነፍ አይደለም፤ ጥያቄም አያጣም። ያጣው ጥያቄውን የሚመልስለት አካል ነው። ምርመራ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ አያልቅም፤ እምቢ የሚል ሌላ ሰው ይፈልጋል። እምነታችን ስሕተት ሆኖ የሚቆየው ስለማናስብ ብቻ ሳይሆን በዙሪያችን ያሉ ሰዎች ስለሚያዝኑልንና ስለሚያፍሩን ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሣል። “እምነቱ ስሕተት ቢሆንስ? ስንቱን ልጅ ከመጥፎ ውሎ ያዳነው፣ ዲሲፕሊን ያስተማረው፣ በራሱ እንዲተማመን ያደረገው እሱ አይደለምን?” ፍሬው እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ፍሬው የመጣው ከምንድን ነው? ልጁን የለወጠው በሰዓቱ መገኘቱ፣ ሕመምን መቻሉ፣ ታላቁን ማክበሩ፣ ለታናሹ መራራቱ ነው። እነዚህ ሁሉ “ጥቁር ቀበቶ አይሸነፍም” የሚለው ተረት ባይኖርም ይቆማሉ። ፍሬ ያፈራው ሥራው ሳለ ምስጋናውን ለተረቱ መስጠት ሥራውን መካድ ነው።

ተረቱ የሚያስከፍለውን ዋጋም ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ባለመርከብ ያነሣል። ሰውየው መርከቡ ማርጀቷን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውን አፍኖ፣ ደህና ናት ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ ተሳፋሪዎችን ይልካል፤ መርከቧም ትሰጥማለች። ክሊፎርድ እንደሚለው ሰውየው ከልቡ ማመኑ ነጻ አያወጣውም፣ በነበረው ማስረጃ የማመን መብት አልነበረውምና። መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው። ያልተፈተነ የቢላዋ መከላከያ የሚያስተምር አሠልጣኝም በዚህ ሚዛን ይለካል። ተማሪው በሌሊት መንገድ ላይ መሮጥ ሲችል ቆሞ ቢጠብቅ፣ ያቆመው የተማረው ትምህርት ነው። የአሠልጣኙ ቅንነት ቁስሉን አይዘጋም።

ታዲያ መተባበር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ጀማሪ በሙሉ ኃይል የሚቃወመውን ሰው ይዞ ምንም አይማርም። መጀመሪያ የሚወድቅለት፣ እንቅስቃሴውን ቀስ ብሎ እንዲያውቀው የሚያደርግ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ችግሩ የሚጀምረው ለመማሪያ የተሰጠው መውደቅ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው። ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረቱት የጁዶ ትምህርት ቤት፣ ኮዶካን፣ ይህ ገብቶት ነበር። ተማሪዎች በስምምነት ቅርጹን ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ደግሞ በነጻ ፍልሚያ፣ መውደቅ ከማይፈልግ ሰው ጋር ይሞክሩታል። በአገራችንም በደቡብ ምዕራብ የሱርማ ወጣቶች በሚታወቁበት የዱላ ፍልሚያ፣ በዶንጋ፣ ዱላውን መመከት የማይችል ሰው እችላለሁ የሚለው እምነት አንድ ዙር አይዘልቅም። ዶንጋም ቢሆን ዳኛ አለው፣ ተጋጣሚን መግደልም የተከለከለ ነው። እውነተኛ ፈተና ጭካኔ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሐዋሳ በዚህ ክርክር ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ሰምና ወርቅ በሚለው እ.ኤ.አ. የ1965 መጽሐፋቸው የምናውቃቸው የቺካጎው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን የአይኪዶ ማርሻል አርት መምህርም ነበሩ፤ በእሳቸው ድጋፍ የከተማዋ ወጣቶች የሐዋሳ የሰላም ዶጆ የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቁመው አይኪዶን ጠብን የመፍቻ ትምህርት አድርገው ይዘውት ተነሡ። በአብዛኛው አይኪዶ ውድድር የለም፤ የሚጣለውም ሰው አወዳደቅን እንደ ዋና ትምህርት ይማራል። ታዲያ ከላይ ያልነው ሁሉ እሱን ይጥለዋል? መልሱ ስለ ልምምዱ በሚባለው ነገር ላይ ይወሰናል። “ይህ ልምምድ ሰውን ያረጋጋል፣ ቁጣን ያበርዳል” የሚለው አንድ አባባል ነው፤ ፈተናውም ሠልጣኙ በቤቱና በሰፈሩ ሲናደድ የሚያደርገው ነው። “ይህ ልምምድ መንገድ ላይ ያሸንፋል” የሚለው ሌላ አባባል ነው፤ ፈተናውም መውደቅ የማይፈልግ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱን ማስረጃ ለሌላው መዋስ ግን አይቻልም፤ የልጅነታችን ስሕተት ሥሩ ይኸው ነበር። ጨዋ አድርጎናል የሚለውን እውነት ይዘን፣ አይበገሬ አድርጎናል ወደሚለው ተሻገርን።

ዛሬ በሐዋሳ ማሠልጠኛዎች ለቆሙ አሠልጣኞች ከዚህ የሚወጣው ግዴታ ቀላል ነው። ተማሪው ማስተሩን “ይህ ባይሠራስ?” ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርበት። መከላከያ ልብስ ለብሶ፣ በልክ፣ ከልቡ የሚቃወም ጓደኛ ይመደብለት። ስለ ቢላዋ መጀመሪያ የሚማረው መሸሽን ይሁን። ተማሪውም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ ካልተጣለ አይውደቅ። ይህ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፣ መምህርን በሰው ፊት ማሳፈር ይመስለናልና። ነገር ግን ለመምህሩ በይሉኝታ የሚወድቅ ተማሪ መምህሩ የማያውቁትን እንዳያውቁ ያደርጋቸዋል። ቆሞ የሚቀረው ተማሪ መምህራቸውን እውነትን መስማት የሚችሉ ሰው አድርጎ ያያቸዋል፤ ከሁለቱ ይበልጥ ያከበራቸውም እሱ ነው።