ለማዳና ገራም

ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትጓዙ በምታገኟት በእኛዋ ወለንጪቲ ድመት የሚያዘው ለመልኩ አይደለም። ጤፍና በቆሎ በጆንያ የሚከማችበት ቤት አይጥ አያጣም፤ አይጥ ካለ ደግሞ ድመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጎረቤት አንድ ግልገል ይለመናል፣ በዘንቢል ይመጣል፣ ጓዳ ይለቀቃል፣ አለቀ። ሲይዟት ትናከስ አትናከስ ማንም አይጠይቅም። ሥራዋ ከአይጥ ጋር ነው እንጂ ከሰው ጋር አይደለማ!

ባሕር ማዶ ያለችው የእህቴ ልጅ በስልክ ያቀረበችልኝ አቤቱታ መጀመሪያ ቀልድ የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነው። «አጎቴ፣ ሀምስተሬ ስይዘው ይነክሰኛል። ይጠላኛል እንዴ?» ዕድሜዋ አሥር ነው። ሀምስተር ለማያውቀው ሰው፣ ጭራው ቁራጭ የሆነ፣ ምግቡን ጉንጩ ውስጥ አጭቆ የሚዞር፣ ከቤት አይጥ ወፈር ያለ ፍጥረት ነው። እኛ መርዝና ወጥመድ ገዝተን የምናሳድደውን ዘር እነሱ ከሱቅ ገዝተው፣ ቤትና መሽከርከሪያ ጨምረውለት ያኖሩታል። ይሁን፣ አገሩ ነው። ስቄ ላልፈው ስል ግን «ይጠላኛል እንዴ?» የምትለዋ ያዘችኝ።

እኛ ዘንድ በሚነክስ እንስሳ ላይ ፍርዱ ፈጣን ነው። ክፉ ነው፣ ውለታ ቢስ ነው፣ ያጎረሰውን እጅ ነካሽ ነው። ይኸው ቃል ዞሮ ለሰውም ይሠራል። ውለታ ቢስ ለመሆን ግን አስቀድሞ ውለታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሀምስተሩ ምን ያውቃል? ዓይኑ ደካማ ነው፤ ዓለሙን የሚለየው በአፍንጫው ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። በዚህ መሐል አንድ ትልቅ ነገር ከላይ ይወርድበታል። ከላይ የሚወርድ ነገር ለእሱ ዘር ጭልፊት ወይም ጉጉት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያ ነገር ምግብ ምግብ ይሸታል፤ ያን ጊዜ ንክሻው ቁጣ ሳይሆን ቅምሻ ነው።

የዘሩ ታሪክም ይመሰክርለታል። እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ሶርያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ መሬት አስቆፍሮ አንዲት እናት ሀምስተርን ከ11 ግልገሎቿ ጋር አወጣ። የተፈለጉት ለልጅ መጫወቻ አልነበረም። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሳውል አድለር የተባለ ሳይንቲስት ሌሽማኒያሲስን የሚያጠናበት እንስሳ ፈልጎ ነው። እንግዳ በሽታ እንዳይመስላችሁ፤ በሁመራና በመተማ ቆላ ለአጨዳ የወረደውን ስንቱን የቀን ሠራተኛ የፈጀው ካላዛር አንዱ ዓይነቱ ነው። እናትየው ሳጥን ውስጥ ስትገባ ከልጆቿ አንዱን ገደለች፤ አሃሮኒ ደግሞ እሷን ገደላት። ዛሬ በየአገሩ በልጆች ክፍል የሚያድረው ወርቃማ ሀምስተር በአብዛኛው የእነዚያ ከሞት የተረፉ ግልገሎች ዘር ነው። ከተያዙ ገና መቶ ዓመት አልሞላቸውም። ለማነጻጸር ያህል፣ ቆጵሮስ ውስጥ ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘች አንዲት ድመት ዕድሜዋ 9,500 ዓመት ገደማ ነው። ድመት ከሰው ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖራም ስትፈልግ ትቧጭራለች። ታዲያ ትናንት ከጉድጓዱ የወጣው ፍጥረት ምን ዕዳ አለበት?

ልጅቷ ግን የጠየቀችኝ ታሪክ አይደለም። «ምን ላድርግ?» ነው ያለችው። አላማጆቹ የሚመክሩትን አነበብኩና ነገርኳት። ለጥቂት ቀን አትንኪው፣ ድምፅሽን ብቻ ይስማ። መዳፍሽ ላይ ያሸሽውን ሶፍት ጎጆው ውስጥ አድርጊለት፣ ጠረንሽን ይልመድ። ማታ ራሱ ሲነቃ እጅሽን ታጠቢና የሱፍ ፍሬ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ ዝም ብለሽ አስቀምጪ። አትያዢው፤ እሱ ይምጣ። ሲመጣም ከላይ አትንጠቂው፣ ከሥር በሁለት እጅሽ ደግፈሽ አንሺው፤ ቢዘል እንዳይጎዳ ወለል ላይ ተቀመጪ። ቢነክስሽ አትምቺው። (ይህ ምክር ለሰፈራችን ውሻና ድመት እንደማይበቃ ልብ በሉልኝ። እነሱ ከነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።)

«አትምቺው» ያልኳት በርኅራኄ ብቻ አይደለም። ንክሻ አፍ የሌለው ፍጥረት «እምቢ» የሚልበት የመጨረሻ ቃሉ ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች ቃላት ነበሩት፤ ድርቅ ብሎ መቆም፣ ጥርስ ማንቀጫቀጭ፣ ወደ ኋላ ማለት። ውሻ ያጉረመርማል፣ ድመት ጆሮዋን ታስተኛለች። ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አልተወውም። ስለዚህ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ያኔ «ድንገት አበደ» ይባላል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ሁለት ቃል ሰጥቶናል፤ ለማዳ እና ገራም። ለማዳ የመጣው «ለመደ» ከሚለው ነው። የለመደው ማን ነው? እንስሳው ራሱ ነው። ሰውየው ሊያለማምደው ይችላል እንጂ በእሱ ፈንታ ሊለምድለት አይችልም። መግራት ግን ባለቤቱ ሰው ነው። የቦሰት ገበሬ ወይፈኑን ሲገራ ከአሮጌ በሬ ጋር ጠምዶ፣ ጅራፉን ይዞ፣ ቀንበሩ አንገቱ ላይ እስኪደላደል ድረስ ነው። ወይፈኑን ፈቃዱን የጠየቀው የለም። መግራት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ የበላሁት እንጀራ ጤፉ የበቀለው በተገራ በሬ በታረሰ መሬት ላይ ነው። የሚያስጨንቀኝ፣ ለማዳውና ገራሙ ከውጭ ሲታዩ አንድ መምሰላቸው ነው። ሁለቱም እጅ ሲዘረጋባቸው አይነክሱም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ውሾችን ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ፈተኑ። ቆይተው ውሾቹን አጭር መከለያ ዘለው ሊያመልጡ በሚችሉበት ሣጥን ውስጥ አስገቧቸው። አብዛኞቹ አልዘለሉም። ተኝተው ተቀበሉት። አንድ አላፊ አግዳሚ ቢያያቸው «እንዴት ያሉ ጨዋ ውሾች!» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ታዲያ ለማዳውን ከተሸነፈው በምን እንለየው? እኔ የማውቀው አንድ መለያ በሩን መክፈት ነው። መሄጃ እያለው ከመጣ ለምዷል። መሄጃ ስላጣ ከተቀመጠ ግን ገና አናውቀውም።

ይህን አንድ ቡና ላይ ላነሳሁለት የመምህር ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ቆልፈህ አስቀምጠኸው ስለ ፈቃዱ ታወራለህ?» አለ። ግማሹ እውነት ነው። ይኸ ወርቃማው ሀምስተር እንኳንስ ሰውን የራሱንም ዘር አብሮት እንዲኖር አይፈልግም፤ ካደገ በኋላ ሁለቱን አንድ ቤት ብታስገቧቸው እስከ መገዳደል ይደርሳሉ። የእህቴን ልጅ ፍቅር ጠይቆ አያውቅም። ጓደኛዬ ያልቆጠረው ግን ሌላውን ግማሽ ነው። እንስሳው አሁን እዚያ ነው፤ አሌፖ አይመለስም። ቤቱ በተጸዳ ቁጥር፣ በታመመ ቁጥር፣ ያ እጅ መምጣቱ አይቀርም። እጁን ካልለመደ ቀሪ ዘመኑን ጭልፊት ሲጠብቅ ሊኖር ነው። ስለዚህ ማላመድ ለልጅቷ የተሰጠ መብት ሳይሆን፣ በሩን የዘጋች ቀን የገባችበት ዕዳ ይመስለኛል። ዕዳው ደግሞ የሚከፈለው በትዕግሥት ነው፤ ለዚያውም በእሱ ሰዓት እንጂ በእሷ ሰዓት አይደለም። ጓደኛዬ «ለአይጥ ይህን ሁሉ!» ብሎ ሂሳብ ከፈለና ሄደ።

እኔም ለአይጥ ብቻ ብዬ አልነበረም። «ገራም» የምትለዋን ቃል የት የት እንደምንጠቀምባት አስቡት። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ልጅ «እንዴት ያለ ገራም ልጅ ነው!» ይባላል። ፍርሃት ይሁን አክብሮት ጠጋ ብሎ ያየ የለም። ከሁሉ ይበልጥ የምሰማት ግን ደላላ አፍ ላይ ነው። ከገጠር የመጣች የአሥራ አምስት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኛነት ስትቀርብ፣ ከሙያዋ ቀድሞ የሚነገርላት እሱ ነው። «ገራም ናት። ቢቆጧትም አትመልስም።» አሠሪዎቹም ይኸን ይወዱታል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች፣ እኩለ ሌሊት ትተኛለች። ከፋኝ አትልም፣ አመመኝ አትልም፣ ደመወዜ ዘገየ አትልም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሁለቴ ፊቷን አጥቁራ ነበር፤ «ይኼ ኩርፊያ እኛ ቤት አይሠራም» ተባለች፤ ተወችው። ስድስት ወር፣ ስምንት ወር እንዲህ ትቆያለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ አልቀረበም ተብሎ ማድ ቤት ሲታይ ፍራሿ ታጥፏል፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጥታለች፣ የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ያልተከፈላትን ደመወዝ እንኳ አልጠየቀችም።

«ምን አድርገናት?» ይባላል ያን ቀን። «አንድ ቀን እንኳ ከፍቷት አይተን አናውቅም እኮ!»