ሁለት ዋጋ ያለው ዕቃ

ሰው አንድ የሥራ መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ የሚከፍለው ዋጋ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለነጋዴው ቈጥሮ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን መሣሪያውን ለማወቅ የሚያወጣው ጊዜና ድካም ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ አባት ለልጁ፣ ወንድም ለወንድሙ ሊከፍልለት ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ከራሱ ከባለዕቃው በቀር ማንም አይከፍልለትም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት፣ እጅግ ውድ የሆነ የሙዚቃ ኪቦርድ መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን በቈላው አገራችን፣ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ለሚኖር ወጣት የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚመዘንበት ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ወርክስቴሽን የሚባለው ኪቦርድ የብዙ መሣሪያዎችን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ መቅረጫውንና ማቀናበሪያውን በአንድ አካል የያዘ ነው። ኮርግ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤም ዋን የተባለውን ካወጣ ወዲህ ይህ ዐይነት መሣሪያ በዓለም ተስፋፋ፤ ከዚያም በኋላ በ2011 ክሮኖስ፣ በ2019 የሮላንድ ኩባንያ አዲሱ ፋንተም ተከታትለው ወጡ። የታላላቆቹ ዋጋ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ ዋጋው ለእኛ አገር ገዢ በእጥፍ ያህል ጨመረበት።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በነገሌ በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወተ ይኖራል። ያለችው ኪቦርድ ትንሽና ርካሽ ናት። አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የእናቴን ከብቶች ሸጬ ታላቁን ኪቦርድ ልገዛ አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔም «ልጄ፣ ላም ትወልዳለች፤ ኪቦርድ ግን አይወልድም» አልሁት።

እርሱም «ላም በድርቅ ትሞታለች፤ ኪቦርድ ግን ውኃና ሣር አይፈልግም» ብሎ መለሰልኝ።

ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀርተው፣ የከብቱ ሬሳ በየሜዳው ወድቆ አይተናል። ሀብቱን በከብት ብቻ ያኖረ ሰው እንዴት ባዶ እጁን እንደ ቀረ የተመለከተ ወጣት፣ በእጁ ሙያ ለመኖር ቢመኝ ሞኝ ሊባል አይገባውም።

ቀጥሎም «ድሆች ስለ ሆንን ጥሩ መሣሪያ አይገባንም ማለትዎ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ በችኰላ የሚመለስ አይደለም። ልብስ ሰፊ ጥሩ የስፌት መኪና ቢገዛ ማንም አይነቅፈውም፤ ክፉ መሣሪያ የጥሩ ሠራተኛን እጅ እንደሚያስር ሁሉም ያውቃልና። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ከተማ፣ ስቱዲዮና አምስት ስድስት ተጫዋች እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ፣ ያ ኪቦርድ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ሙሉ የሥራ ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዋጋው መብዛት ብቻ ነገሩን ነውር አያደርገውም።

እንግዲያውስ መመዘኛው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ መመዘኛው ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለዚህም ሁለት ምሳሌ አቀርባለሁ።

ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐማማጹ በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን ተበላሽቶ እንዲጠግን ተጠራ። ኦርጋኑ እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ነበረው በእግር እየተረገጠ በነፋስ የሚጮኽ ነበር። ሰውየው ጠግኖ ዋጋውን ተቀብሎ አልሄደም፤ ውስጡን መርምሮ አሠራሩን ስለ ተረዳ የራሱን ኦርጋን ሠራ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ታላቅ ኩባንያ የተጀመረው፣ የሌላ ሰው የሆነ አንድ የተበላሸ ዕቃ በትዕግሥት በመመርመሩ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአገራችን ሰው ኃይሉ መርጊያ ነው። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዋሊያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ ትንሽ ኪቦርድ በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ እያኖረ፣ መንገደኛ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ጊዜ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም በሰማው ጊዜ፣ ሰውየው ወደ መድረክ ሲጠራ ጣቶቹ አልደነዘዙም ነበር፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። በእነዚያ የታክሲ ዓመታት እጁን ያኖረለት የኪቦርዱ ታላቅነት አልነበረም።

ከዚህም በላይ መሣሪያ የማይሰጠው ነገር አለ። ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ ኤላዎች ውስጥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ውኃውን እየተቀባበሉ ለከብቱ ሲያወጡ ይዘፍናሉ። በዚያ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለም፤ ነገር ግን ዜማው የእጃቸውን ምት ይጠብቃል፤ ድካማቸውንም ያቀላል። ሺህ ድምፅ ያለው ኪቦርድ ይህን ዜማ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በዚያ ያደገው ልጅ ነው።

ስለዚህ ተማሪዬን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛው፣ «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚል ነበር። ከእናቱ ከብቶች ከፊሎቹ ከድርቁ በኋላ ጎሳው በቡሳ ጎኖፋ ሥርዐት፣ ከብቱ ላለቀበት ሰው ከተረፈለት ሰው እየተወሰደ በሚሰጥበት ሕግ፣ ያገኘቻቸው ናቸው። እንዲህ ያለች ላም ለተቀባዩ ብቻ የተሰጠች አይደለችም፤ ነገ ሌላው ሲቸገር እርሱም እንዲሰጥባት ነው። እርስዋን ሽጦ ኪቦርድ መግዛት የዘመዶችን አደራ መብላት ይሆናል። ይህን በነገርሁት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ሁለተኛው፣ «ትንሽዋ ኪቦርድህ እንቢ ያለችህን ነገር አንድ በአንድ ጽፈህ አምጣ» የሚል ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰባት ነገር ጽፎ መጣ። መመሪያ መጽሐፏን አብረን ስናነብ አራቱ በዚያችው ኪቦርድ ውስጥ ተገኙ። ሦስቱ ግን እውነተኛ ጉድለት ነበሩ፤ ይኸውም ብዙ ድምፅ ደራርቦ መቅረጽ አለመቻልዋ፣ ድምፅዋን ከዘፋኙ የባቲ ቅኝት ጋር ማስማማት አለመቻልዋ፣ የቁልፎችዋም መላላት ነው። ከብቱ ሳይሸጥ፣ ከሠርግ ገቢው እያስቀመጠ እነዚህን ሦስቱን የሚሞላለትን ብቻ ለመግዛት ቈረጠ፤ እስከዚያውም አራቱን ይማራል። ምናልባት የሚበቃው መካከለኛው ኪቦርድ ይሆናል፤ ምናልባትም አንድ ቀን ታላቁ ያስፈልገው ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት፣ አቧራ በሚበዛበትና ጠጋኝ በማይገኝበት አገር ውድ ዕቃ ማኖርም የራሱ ወጪ እንዳለው ነግሬዋለሁ።

ልጆቼ፣ ታላቅ ዕቃ መመኘት ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን በእጃችሁ ያለውን ሳታውቁ ሌላውን ብትገዙ፣ አለማወቃችሁን በውድ ዋጋ ወደ ሌላ ሣጥን አዛወራችሁት ማለት ነው። በእጃችሁ ያለውን ዐውቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ገንዘቡም በእውነት የራሳችሁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሳታፍሩ ግዙ፤ ሥሩበትም።