መርዶው በየማለዳው

በላስታ ደጋ በአንድ ጎጆ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናትን እናስብ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ልጃቸው በሰሜኑ ጦርነት፥ በ2014 ዓ.ም. ሞቷል። መርዶው እንደ አገሩ ሥርዓት ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ተነገራቸው፤ አለቀሱ፥ ለቅሶ ደራሽ ተቀበሉ፥ ተዝካሩም ወጣ። ዛሬ ግን ሲነጋ፥ «ልጄ ወዴት ሄደ? ቁርሱን በልቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሴት ልጃቸው ምን ትመልስ? እውነቱን ብትናገር እናቲቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ደረታቸውን ይመታሉ፤ እስከ ቀትር ይረሱታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይጠይቃሉ። «ገበያ ሄዷል» ብትል በገዛ እናቷ ፊት ትዋሻለች።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ውሸትን በመቃወም በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ የቀረበ ጥያቄ አንሥቷል። በጠና የታመመ አባት አንድያ ልጁ መሞቱን ሳያውቅ ስለ ልጁ ቢጠይቅ፥ እውነቱም ሊገድለው የሚችል ቢሆን ምን ይባላል? ሊቁ ልቡ መታወኩን አልሸሸገም፤ ውሸትን ግን አልፈቀደም። ሆኖም የእርሱ በሽተኛ መርዶውን የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው። የእኛይቱ እናት በየቀኑ ይሰሙታል።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው «ጃጀ» ብለን እናልፋለን። እርጅና ብቻውን ግን ይህን አያደርግም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ታማሚን አንጎል መርምሮ በሕዋሳት መካከል የተከማቸ ዝቃጭና በውስጣቸው የተጠላለፉ ክሮችን ማግኘቱን ለባልንጀሮቹ አስረዳ። ዛሬ ዝቃጩ አሚሎይድ፥ ክሮቹም ታው ከተባሉ ፕሮቲኖች እንደሚሠሩ፥ ክምችቱም መርሳቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት እንደሚጀምር ታውቋል። አዲስ ነገርን ተቀብሎ የሚያኖረው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ አረጋዊቷ በልጅነታቸው የሰሙትን፥ በልደት በዓል በቤተ ማርያም የሚዘመረውን «ቤዛ ኩሉ» ሳይስቱ ያዜሙ ይሆናል፤ የልጃቸው ሞት ግን ከአእምሯቸው አልተጻፈም። ፍቅር አጥተው የረሱት አይደለም።

ሕክምናውስ? ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። በ18 ወር ሙከራ የሕመሙን መባባስ በ27 በመቶ ገደማ አዘገየ እንጂ አላቆመውም፤ የጠፋውንም አልመለሰም። የሚጠቅመው ገና በጅምሩ ላሉ ሕመምተኞች ሲሆን፥ በሙከራው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ አንጎል እንዳያብጥና እንዳይደማም በኤምአርአይ መከታተል ያስፈልጋል። ለላስታ ጎጆ ይህ ሩቅ ነው። የቀረበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ 14 የአደጋ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፥ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። የደም ግፊት፥ የመስማትና የማየት ችግር፥ ብቸኝነት፥ ትምህርት ማጣትና የተበከለ አየር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ደግሞም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፥ የታይሮይድ ሕመም ወይም ጥልቅ ሐዘን መርሳትን ያመጣሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ። እንግዲህ ሳያስመረምሩ «ጃጁ» ማለት ራሱ በእውነት ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ወደ ሴት ልጂቱ እንመለስ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2489 እውነትን የማወቅ መብት ለሌለው ሰው መግለጥ ግዴታ አለመሆኑን ያስተምራል። ይህ ግን እዚህ አያወጣንም። እናት ስለ ልጇ የማወቅ መብት ከሌላት ማን ይኖረዋል? እኔ የሚታየኝ መንገድ ሌላ ነው፤ መብታቸው በመርዶው ማለዳ ተከብሯል። ዛሬ «ቁርሱን በልቷል?» ሲሉ የሚናገረው ናፍቆታቸው ነው፤ ለናፍቆትም የሚመለሰው ወሬ አይደለም። «እምዬ፥ ናፈቀሽ አይደል? ሕፃን ሳለ ምን ይወድ ነበር?» ብትላቸው አልዋሸችም፤ ያልጠፋውንም የትዝታ ደጅ ከፈተችላቸው። አንድ ቀን ግን ዓይኗን እያዩ፥ «ልጄ ሞቷል ወይ?» ቢሏት፥ እጃቸውን ይዛ «አዎን» ልትል ይገባታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ስጽፍ ግን የማድረው ከእነርሱ ጎጆ አለመሆኑን አልዘነጋም።

ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው ልጅ በድካም «ገበያ ሄዷል» ብላ ብታመልጥስ? አውጉስጢኖስ ራሱ የውሸት ዓይነቶችን ሲለይ ሁሉን በአንድ ሚዛን አልሰፈረም፤ እኛም ለጥቅሙ ከሚዋሽ ጋር አንቁጠራት። ለካቴኪስቶችም አንድ ነገር ልበል፤ ወደዚያ ቤት ስትሄዱ ትምህርቱን ለሌላ ቀን አቆዩት። እርሷ ውኃ ቀድታ፥ ጥቂትም ተኝታ እስክትነሣ ድረስ ከእናቲቱ ጋር ተቀመጡ፤ ስለ ልጃቸው ሲጠይቁም ስሙን ጠርታችሁ ስለ እርሱ እንዲያወጓችሁ ለምኗቸው።