ወደ ውጭ የተነፋው ሸራ

ከታቦር ተራራ ሥር ባጃጅ ይዤ ወደ ሐይቁ ስወርድ ዓይኔ የጎን ሸራው ላይ ተተክሎ ቀረ። ስንቆም ይረግባል። ስንፈጥን ይወጠርና ሆዱን ይነፋል፤ የሚነፋው ደግሞ ወደ ውጭ ነው። ነፋስ የሚገፋው ቢሆን ወደ እኔ በመጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ጫፉን ይያዙልኝ፤ ማሰሪያው ላልቷል» አለኝ ሾፌሩ።

ያዝኩት። ሸራው እጄን ይዞ ወደ ውጭ ይስበኛል።

አየርን ባዶ ማለት ለምዶብናል። እዚህ ሐዋሳ፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባጃጁ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ አየሩ ግንባሩን መትቶ ቀጥ በሚልበት ነጥብ ላይ ግፊቱ በ96 ፓስካል ገደማ ይጨምራል። ግንበኛ ውሃ ልክ የሚያይበትን ግልጽ ጎማ አስቡ፤ አንዱን አፉን ለዚያ ነጥብ ብንሰጠው፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውሃ ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ ወደ 4 ይደርሳል። ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ በ1732 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የሴን ወንዝን ፍጥነት የለካው በእንዲህ ያለ ቱቦ ነው። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ያሳተመው መጽሐፍም በአብዛኛው ስለ ውሃ ነበር። የአየርን ጠባይ ያስተማረን ውሃ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሸራውም በዚሁ ተፈታልኝ። ግንባሩ የከፈለው አየር በጎን ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ከእኛ ጋር የተቀመጠው ዝምተኛ አየር ያን ጊዜ ሸራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ግን አንድ ነጥብ አየሩ ባጃጁ ላይ ስለሚያሳርፈው ጠቅላላ ኃይል አይመሰክርም። መዳፍ በምታክል በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ያለውን ግፊት በስፋቷ አባዝቶ፣ አቅጣጫዋን ጠብቆ መደመር ያስፈልጋል፤ ግንባሩን፣ ጣሪያውን፣ ጀርባውን። የአየሩ ፍትጊያ ሲታከልበት (እንዲህ ላለ ደንዳና አካል ጥቂት ነው) ሒሳቡ ይሞላል። ልቤን የሚይዘው ጀርባው ነው። ከግራና ከቀኝ የተለያየው አየር እዚያ ቶሎ መገናኘት ያቅተዋል፤ ይሽከረከራል፣ ግፊቱም ዝቅ ይላል። ሞተሩ የሚታገለው ከፊት የመጣውን ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ራሱ እያለፈ ከኋላው የተወውን ጉድለትም ይጎትታል።

ሐይቁ ዳር ወረድኩና ሒሳቤን ከፍዬ ዞሬ አየሁት። የፊት መስታወቱ ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። የኋላው ግን በአቧራ ተለብዷል፤ ያ አዙሪት ከመንገዱ እያነሳ የለጠፈው። በአቧራው ላይ አንድ ልጅ በጣቱ ስሙን ጽፎበታል።