ለቅሶ ቤት የሚጨፈር ጭፈራ

በመካከለኛው አሜሪካ፣ በቤሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ በጋሪፉናዎች ከተማ በዳንግሪጋ፣ እንግዳ ከሚጋበዛቸው ምግቦች አንዱ ሁዱት ነው። ፕላንቴን የሚባለው ሙዝ መሰል ፍሬ ተቀቅሎ በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዓሣው በኮኮናት ወተት ይሠራል። ከዚያ በእጅ እየቆረሱ መረቁ ውስጥ እየነከሩ መብላት ነው። ማታ ከበሮ ሲመታ ፑንታ የሚባለው ጭፈራ ይጀመራል። እስክስታ ትከሻን ያንቀጠቅጣል፤ ፑንታ ትከሻን አሳርፎ ወገብን ያርገበግባል።

ይኸው ፑንታ ለቅሶ ቤትም ይጨፈራል። ሰው ሲሞት በዘጠነኛው ሌሊት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ተረት ያወራል፣ ይጨፍራል። በሟች ቤት መጨፈር ነውር አይደለም?

ጥያቄው ከሕዝቡ ታሪክ ተነጥሎ አይመለስም። ጋሪፉናዎች ከአፍሪካውያንና ከካሪቢያን ነባር ሕዝቦች የተወለዱ፣ ሴንት ቪንሰንት ደሴትን አገራቸው ያደረጉ ነበሩ። እንግሊዞች በጦርነት ካሸነፏቸው በኋላ ባሊሶ በምትባል ትንሽ ደሴት አጎሯቸው፤ በዚያ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የተረፉት እ.ኤ.አ. በ1797 በሆንዱራስ አቅራቢያ ወዳለችው ሮአታን ደሴት ተጋዙ። እንዲህ ላለ ሕዝብ ሙታንን መርሳት ራስን መርሳት ነው።

ከሥርዓቶቻቸው ታላቁ ዱጉ ነው። በአንድ ቤተሰብ ሕመም ወይም መከራ ሲደጋገም፣ ቡዬይ የሚባለው መንፈሳዊ መሪ ምክንያቱ የአያቶች ቅሬታ ነው ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ርቀው የሚኖሩ ልጆች ሳይቀሩ ይጠራሉ፤ ለአያቶች ማዕድ ይዘረጋል፤ ለቀናት ይጨፈራል። አማርኛ አንባቢ ተዝካር ትዝ ይለው ይሆናል። በተዝካር ግን ምሕረት የሚለመነው ለሟች ነፍስ ነው፤ በዱጉ ሙታኑን ይቅርታ የሚጠይቁት ሕያዋኑ ናቸው።

ሙታን አይበሉም የሚል ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲሰማ ኖሯል። ብዙዎቹ ጋሪፉናዎችም ካቶሊኮች ናቸው። ሙታን ባይበሉ እንኳ በእነርሱ ስም የተበታተነ ቤተሰብ ወደ አንድ ማዕድ ይቀርባል። እዚህ ደስታ ከሐዘን ማምለጫ አይደለም፤ ሕያዋን ለሙታን የሚከፍሉት ዕዳ ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የዳንግሪጋው ሠዓሊና ሙዚቀኛ ፔን ካዬታኖ ፑንታን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዶ ፑንታ ሮክን ጀመረ። ጭፈራው ከለቅሶ ቤት አልፎ ወደ ዳንስ ቤት ገባ። ትርጉሙ ባዶ ቀረ ማለት ግን ችኩል ፍርድ ነው፤ ፑንታ ቀድሞውንም ሐዘንና ጨዋታን ለይቶ አያውቅም። ለመደሰት የመጣ እንግዳም አልበደለም፤ በደሉ የተጋበዘውን ማዕድ ትርኢት ብቻ አድርጎ ማየቱ ነው።

ኖቬምበር 19 በቤሊዝ ብሔራዊ በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ጋሪፉናዎች የገቡበት ቀን ይታሰብበታል። በዳንግሪጋ ማለዳ ጀልባዎች ከበሮ፣ ካሳቫና የዘንባባ ዝንጣፊ ጭነው ከባሕር ይመጣሉ። ሕዝቡ ይቀበላቸውና እየዘፈነ፣ ከበሮ እየመታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።