በእናቴ ቤት መንገደኛ ነኝን?

አንድ ወዳጄ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ከጀርመን አገር መጥቶ እናቱን ለመጠየቅ ላሊበላ ሄዶ ነበር። የቆየው ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ሲመለስ አዲስ አበባ እኔ ቤት አንድ ሌሊት አደረ። እራት ተበልቶ ዒሻ ለመስገድ ስንነሣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «እናቴ ቤት ስሰግድ ማሳጠር ነበረብኝ ወይስ መሙላት?»

«አንተስ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ሞልቼ ሰገድኩ። እናቴ እያየችኝ ሁለት ረከዓ ሰግጄ ባሰላምት ምን ትለኛለች? ልጄ እንግዳ ሆኖ መጣ አትልም?»

ሁለታችንም ሣቅን። ከሶላት በኋላ ግን ልጁ ሌላ ነገር አወጋኝ። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ከሞላለት ወራት አልፈዋል። ቅጹን ወስዶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። ባለቤቱ በየሳምንቱ ትጨቀጭቀዋለች፤ እርሱ ግን ብዕር ባነሣ ቁጥር እጁ እምቢ ይለዋል።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የሶላቱን ፈትዋ ከዐሊሞች እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። ሆኖም ሶላቱና ቅጹ አንድ ጉዳይ መስለው ስለታዩኝ፣ ውድ አንባቢያን አብረውኝ እንዲያስቡበት ላቅርበው።

በወሎ ምድር የሻፊዒይም የሐነፊይም ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። በሻፊዒዮች ዘንድ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር 4 ቀን ሊቀመጥ የነየተ ሰው መንገደኛነቱ ያበቃል፤ ስለዚህ ወዳጄ በእነርሱ ስሌት ሞልቶ መስገዱ ልክ ነው፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሐነፊዮች ግን ወሰኑን 15 ቀን ያደርጉትና፣ «አገር» የሚባለውን ነገር ራሱን ይከፋፍሉታል። አንደኛው ወጠነል አስሊይ ነው፤ ሰው የተወለደበት፣ ወይም ቤተሰቡን ይዞ ላልለቅ ብሎ የሰፈረበት ቦታ። ሌላው ወጠነል ኢቃማ ነው፤ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ አስቦ ያረፈበት። ሰው ወደ ወጠነል አስሊዩ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ቢገባ ነዋሪ ነው፤ ሞልቶ ይሰግዳል። ቤተሰቡን ጠቅልሎ ሌላ ስፍራ ከሰፈረና ላይመለስ ከቆረጠ ግን የፊተኛው አገር በኋለኛው ይሻራል፤ በተወለደበት መንደር መንገደኛ ይሆናል። በዝርዝሩ ላይ ዐሊሞች ይለያያሉ።

ወዳጄ እዚያው ጀርመን አገር ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር ተጋብቶ አንድ ልጅ ወልዷል። ቤቱም ሥራውም እዚያ ነው። እንግዲህ ላሊበላ ለእርሱ ምኑ ናት? ይህን የሚመልስ ማኅተም ያለው ወረቀት የለም። የሚመልሰው ኒያው ነው፤ እርሱም የሚሸሸው ያንን ኒያውን ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በአዘርባጃን በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው 6 ወር ሲቀመጡ ሶላታቸውን እያሳጠሩ መስገዳቸው ተዘግቧል። እርሳቸው የበረዶውን መቅለጥ ይጠብቁ ነበር። ከእኛ ሰዎች ግን በረዶው ከቀለጠ 20 ዓመት አልፎት፣ ዛሬ ነገ እያለ በልቡ መንገደኛ ሆኖ የሚኖር ስንት አለ!

ኢቃማ የሚለውን ቃል የማያውቅ የወሎ ቤት ያለ አይመስለኝም። ከቆቦ ይሁን ከመርሳ ልጁን ወደ ሳዑዲ የላከ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኢቃማ አለው ወይ?» ተብሎ ነው። ቃሉ መቀመጥ፣ መጽናት ማለት ሲሆን፣ በዚያ አገር ግን በከፊሉ እጅ እየታደሰ የሚኖር ወረቀት ነው፤ ስሙ መቀመጥ ይሁን እንጂ አያስቀምጥም። በ2006 ዓ.ም. አሰሳ ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳዑዲ ዐረቢያ ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ስትደነግግ፣ ጊዜ የማይገድበው ፈቃድ ዋጋ 800 ሺህ ሪያል፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ደግሞ 100 ሺህ ሪያል ነበር። ከላስታ ደጋ ወጥታ በሰው ቤት ለምታገለግል እኅት ይህ ገንዘብ የሰማይ ያህል ሩቅ ነው። «እዚህ ልትኖሪ አስበሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃትም የለም። ወዳጄ ይህን ያውቃል። እጁ እምቢ ያለበት አንዱ ምክንያት፣ ለሌላው ያልተፈቀደውን ዕድል ይዞ የሚያመነታ መሆኑ ራሱን ስለሚያሳፍረው ይመስለኛል።

የጀርመኑ ደንብ እንዲህ ነው። በተለመደው መንገድ 5 ዓመት መኖርና የ60 ወር የጡረታ መዋጮ መክፈል ይጠይቃል። እዚያው ተምሮ ለተመረቀና በሙያው ለሚሠራ ግን 2 ዓመትና የ24 ወር መዋጮ ይበቃል፤ ወዳጄ በዚህ ይገባል። በዚያ ላይ የቋንቋ ማስረጃ፣ የሥራ ውል፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ ቤት መኖሩን የሚያሳይ የኪራይ ውል ይቀርባል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ከ6 ወር በላይ ከአገር ወጥቶ የቆየ ሰው ያጣዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ 6 ወሩ ሳይሞላም ቢሆን፣ ሰውየው የወጣው ለጊዜያዊ ጉዳይ ሳይሆን ለመቅረት ከሆነ ፈቃዱ ይወድቃል። የጀርመን ሕግም እንግዲህ ኒያ ይመለከታል!

ስለ ጡረታው መዋጮ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አገር ዛሬ የሚሠራው የሚከፍለው መዋጮ ዛሬ ያረጁትን ይጦራል። ወዳጄ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጠው የማያውቃቸው የጀርመን እናቶች እንጀራ ነው። የእርሱ እናት ጡረታ የላቸውም። አባትየው በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ነው የሞቱት፤ ለጨርቅ ነጋዴ ሚስት ማን ጡረታ ይከፍላል?

ወደ ነገሩ ልመለስ። ልጁ ቅጹን እንዳይሞላ የያዘው ዋናው ነገር አንድ አሮጌ ደብዳቤ ነው። በላሊበላ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ጀርመንኛ የጀመረው ከጎብኚዎች ነበር። በኋላ የተማሪ ቪዛ ሲያመለክት፣ ትምህርቴን ስጨርስ ወደ ከተማዬ ተመልሼ በቱሪዝም ሥራ አገለግላለሁ ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሟል። አሁን ደግሞ ለዘለቄታው ልኖር እፈልጋለሁ ብሎ ሊፈርም ነው። «ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዶሴ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔ ምን እባላለሁ?» አለኝ።

ጥያቄውን አልናቅሁትም። በሰው አገር በአማን የገባ ሙስሊም የገባበትን ውል የማክበር ግዴታ እንዳለበት ፉቀሃዎች አስተምረዋል፤ የዛሬው አማን ደግሞ ቪዛ ነው። የአሜሪካ ሕግማ ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የአገር ቤት መኖሪያውን የመተው ሐሳብ እንደሌለው እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ስለዚህ «ያን ጊዜ ስትጽፍ መመለስ ነይተህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ወላሂ ብሎ ማለልኝ፤ እንዲያውም ሱቅ የሚከፍትበትን ቦታ መርጦ ነበር። እንግዲያው አልዋሸም። መዋሸት በልብ ያለውን ትቶ ሌላ መናገር ነው፤ ልብ ከዓመታት በኋላ ሲለወጥ፣ የተለወጠውን በግልጽ መናገር ውሸት ሊሆን አይችልም። ያልደረሰበትን በደል ከሌላ ሰው ተውሶ በኢሚግሬሽን ፊት የሚያወራ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱን እዚህ ላይ አላለዝብም። ለዐረብ አገር ሲባል ዕድሜያቸው በፓስፖርት ላይ ከፍ ተደርጎ፣ ስማቸው ሳይቀር ተለውጦ የሄዱትን የገጠር ሴት ልጆች ግን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ከብዙዎቹ ጀርባ ደላላ አለ።

መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ጠየቀ፣ እርሱም በግልጽ ይመልሳል፤ በመካከላቸው ዕዳ የለም። ታዲያ እጁን የያዘው ማነው? ያ የድሮ ደብዳቤ አንድ ግልባጭ ሌላ ቦታ ስላለ ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ ስልክ ተቋረጠ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ ጋሸና ላይ የጦር ሜዳ ሆኖ ከረመ። በእነዚያ ወራት ወዳጄ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። ሌሊት እየተነሣ፣ እንደማይሠራ እያወቀ፣ ይደውል ነበር። በሕይወት ካገኘኋት እመለሳለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። በታኅሣሥ በሰው በኩል ደኅንነታቸውን ሰማ፤ በመጨረሻም ስልክ ገባለት። እናትየው ስለ ጦርነቱ ብዙ አላወሩም፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» አሉት። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓመት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይህንኑ ይላል።

እርሳቸው ደግሞ አምነው ይጠብቃሉ። የተኛባት ክፍል አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው፤ ዐረፋ በመጣ ቁጥር አንሶላው ይታጠባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጎብኚ ሲቀር፣ በኋላም በጦርነቱ የከተማው ገቢ ሲደርቅ፣ ክፍሏን ለማከራየት አንዴም አላሰቡም። ልጄ ሲመጣ የት ይተኛል?

ኢንሻአላህ ታላቅ ቃል ነው። በሱረቱል ከህፍ የታዘዝነው ነገን በእጃችን እንዳለ አድርገን እንዳንናገር ነው። እኛ ግን እምቢታችንን የምንጠቀልልበት ጨርቅ አደረግነው። የማንሄድበትን ሠርግ ኢንሻአላህ፣ የማንከፍለውን ብድር ኢንሻአላህ እንላለን። ወዳጄ ለጀርመን ጸሐፊ በቀጠሮ፣ በማስረጃና በፊርማ የሚናገረውን እውነት ለእናቱ በኢንሻአላህ ይሸፍነዋል። ለባዕድ ያልነፈገውን ግልጽነት ለወለደችው ነፈገ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ630፣ መካን ከፍተው በገቡ ጊዜ 19 ቀን ቆይተው ሶላታቸውን እያሳጠሩ መስገዳቸውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። የተወለዱባት ከተማ፣ የአያት የቅድመ አያታቸው አገር ናት፤ መካን እንደሚወዷትም ማንም ያውቃል። ግን በውስጧ እንደ መንገደኛ ሰገዱ። የመዲና ሰዎች፣ አንሷሮቹ፣ አሁን አገራቸውንና ወገናቸውን አግኝተዋልና ከእኛ ጋር አይመለሱም ብለው ሰግተው ሲነጋገሩ፣ ሕይወታቸውም ሞታቸውም ከእነርሱ ጋር መሆኑን ፊት ለፊት ነገሯቸው። መካም ሰማች፣ መዲናም ሰማች። ማንም ክፍል አንጥፎ በከንቱ አልጠበቃቸውም።

ለወዳጄ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ላሊበላን ካድኩ ማለት ነው?» አለ። አይደለም። እዚሁ አገራችን የተጠለሉትን ሰሐቦች አስታወስኩት። እ.ኤ.አ. በ615 የጀመረው ስደት ለጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና (ረ.ዐ) አብረዋቸው ለነበሩት እስከ 628 ዘልቋል፤ ልጆችም እዚህ ተወልደዋል። በነጃሺ ላይ ባላንጣ በተነሣ ጊዜ ለንጉሡ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ወጣቱ ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ወንዝ ተሻግሮ የጦርነቱን ወሬ እንዳመጣላቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ተርከዋል። ቋሚ ፈቃድ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነበረም፤ የጎረቤታቸውን ፍርሃት ግን ፈርተዋል። ወደ መዲና ሲመለሱም ዑመር (ረ.ዐ) ለአስማእ ቢንት ዑመይስ በሂጅራ ቀደምናችሁ ቢሏት ተቆጣች፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው መሰከሩላቸው። በሰው አገር የኖሩት ዘመን ባክኖ አልተቆጠረባቸውም።

«እነርሱ ግን ተመለሱ» ይለኝ ይሆናል አንባቢ። አዎን ተመለሱ። ወዳጄም ይመለስ ይሆናል፤ ጡረታ ወጥቶ፣ ወይም ከዚያ በፊት። እኔ የምለው መመለስ አለመመለሱን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ፓስፖርቱን አያስጥለውም፤ በሩ አልተዘጋበትም። የምለው፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሌላ ማመልከቻ አለበት፤ እርሱም ላሊበላ ነው የሚገባው።

ይህን ከነገርኩት በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አለ። ቪዛውን አንድ ጊዜ አሳደሰ፤ ባለቤቱም መጨቅጨቅ ሰልችቷት ተወችው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ላይ ከፊጥር በኋላ ደወለልኝ። ለእናቱ ነግሯቸዋል። ኑሮዬ እዚህ ነው፣ እየመጣሁ አይሻለሁ እንጂ ጠቅልዬ አልገባም ብሎ፣ ኢንሻአላህን ለጉብኝቱ ብቻ አስቀርቶ ነገራቸው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

መጀመሪያ ዝም አሉ አለኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ «እማ» ብሏል። ቀጥለው ልጁ ቁርኣን ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ «አብሽር ልጄ» አሉት። «እንግዲያው ክፍሏን ላከራያት። አንዲት ነርስ ስትለምነኝ ከርማለች። ስንት ልበላት?»