የአገር ስም የማን ገንዘብ ነው?

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ግንደ ወይን የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ወይንን ይጥራ እንጂ አውራጃው የሚታወቀው በጤፉና በማሩ ነው። ከዚህ ስም አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የአገር ስም በፍሬው ላይ ሲጠራ ስሙ የማን ገንዘብ ነው? ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ ያፈራውን በዚያ ስም ቢሸጥ በደለ ይባላልን?

ለዚህ ከራሱ ከወይን የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ካህናት አንባብያን ወይንን የሚያውቁት ከቤተ ልሔም ነው፤ በዚያ ዘቢቡ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ የበቀለበት አፈር በጣዕሙ አይመረመርም። ፈረንሳውያን ግን አፈሩን በምላሳቸው ይፈልጉታል። ሻብሊ በቡርጎኝ አገር በሰሜን በኩል፣ በስረን ወንዝ ዳር ያለች ታናሽ ከተማ ናት። ነጩ ወይኗ ሻርዶኔ ከሚባለው ዘር ብቻ ይጠመቃል። መሬቷ ጭቃ የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ስፍራው ባሕር በነበረበት በጥንት ዘመን የቀሩ ጥቃቅን ዛጎሎች ዛሬም በውስጡ ይታያሉ። ወይኑ ጣፋጭነት የለውም፤ ኮምጠጥ ብሎ ምላስን ያነቃል፣ ጠጪዎችም የባልጩት ሽታ አለው ይላሉ። ይኸው ዘር ከዚያ በደቡብ በመርሶ ተተክሎ በእንጨት በርሜል ሲቀመጥ ቅቤ ቅቤ የሚል ወፍራም ጣዕም ያወጣል። እንግዲህ ጠባዩ ከዘሩ ብቻ አይደለም። ዘሩማ እንዲያውም በ1999 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሊቃውንት መርምረው አንደኛው ወላጁ ጉዌ ብላን የሚባል የተናቀ የገበሬ ወይን መሆኑን አግኝተዋል።

ጠባዩ ከአፈሩ ብቻም አይደለም። በፀደይ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የሻብሊ ገበሬ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በወይኑ ረድፍ መካከል እሳት ያነድዳል፤ ወይም ውሃ ይረጫል፤ ውሃው በእንቡጡ ላይ በረዶ ሆኖ ከባሰው ብርድ ይጋርደዋል። በረዶ የጋቢን ሥራ ሲሠራ መስማት ያስደንቃል!

በአሜሪካ ግን ከሌላ ዘር በሌላ መሬት የተጠመቀ ርካሽ ወይን፣ ቀላ ያለው እንኳ ሳይቀር፣ ሻብሊ እየተባለ ለብዙ ዘመን ተሽጧል። በ2006 አውሮፓና አሜሪካ ባደረጉት ውል አዲስ ሻጭ በስሙ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ቀድሞ ለያዙት ግን ተተወላቸው። ጠጪው ወዶ ከጠጣው ማን ተጐዳ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የተጐዳው ውርጭ ሲጠብቅ ያደረው ሰው ብቻ አይመስለኝም። ስም ምስክር ነው፤ አንድ ጊዜ በሐሰት የመሰከረ ሰው ነገ እውነት ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። መንግሥታችን በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አሜሪካን ጠየቀ፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ግን በ2007 ከመንግሥታችን ጋር ተስማማ። ፈረንሳውያን መሬቱን በወሰን ሲያጥሩ እኛ ስሙን ያዝን፤ የብዙ ሺህ ገበሬዎችን ማሳ እየዞሩ መለካት የሚቻል አልነበረምና። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያም ሻርዶኔን በዝዋይ ተክሎ በ2014 ወይኑን ሲያወጣ ሻብሊ አላለውም፤ የዘሩን ስም ጠብቆ በስምጥ ሸለቆው ስም «ሪፍት ቫሊ» አለው። ይህን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ወሰኑን ማን ይወስናል? በ1938 የሻብሊ ስም በሕግ ከታጠረ በኋላ ገበሬዎቹ ራሳቸው ስለ አፈሩ ተከራከሩ፤ በ1944 ለዳር ዳሩ መሬት «ትንሹ ሻብሊ» የሚል ስም ተሰጠ፤ ቈይቶም ወሰኑ ሰፋ። ስለዚህ በአጥሩ ውስጥ መወለድ ብቻውን መብት ሊሆን አይችልም። በግንደ ወይን ገበያ ስኳር የቀላቀለበትን ማር «የጎጃም ማር» ብሎ የሚሸጥ ቢኖር፣ ጎጃሜ ስለ ሆነ ስሙ የራሱ ነው እንላለንን? የሻብሊ ሕግ አስቀድሞ የሚያስረው የሻብሊን ሰው ነው፤ በአባቱ መሬት ላይ እንኳ ሌላ ዘር ተክሎ ቢጠምቅ በከተማው ስም ሊጠራው አይፈቀድለትም።